አሰፋ የተጻፈበት ማሊያ

ባለፈው ቅዳሜ ከታክሲ ተራው ጀርባ፣ ሰልባጅ መንገድ ላይ ተከምሮ በሚሸጥበት ጎዳና ሳልፍ የገዛ ስሜን አየሁት። በካኪ ሱሪዎችና በሕፃናት ሹራቦች መሐል የተጣለ፣ ትከሻው ሰፊ፣ እጅጌው አጭር የሆነ ሰማያዊ ማሊያ ነው። ጀርባው ላይ በነጭ የፈረንጅ ፊደል «አሰፋ» ይላል። የአሜሪካኖቹ ኳስ ማሊያ መሆኑን ወዲያው አወቅሁ፤ ቆሜ ቀረሁ። ሻጯ ወፈር ያለች ዙሉ ሴት ነች፤ «ባባ፣ ፊፍቲ ራንድ» አለችኝ። ስሜ እኮ ነው ብዬ በጣቴ አሳየኋት። አላመነችኝም፤ የስደተኛ ወረቀቴን ከኪሴ አውጥቼ አቀበልኳት። ፊደሉን ከፊደሉ ጋር አስተያይታ ስታበቃ ሳቀችና «ታዲያ ተጫዋቹ ልጅህ ነዋ?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ ስንት ሰው ስንት ጊዜ ጠይቆኛል፤ ቀጥ ያለ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። ሠላሳ አምስት ራንድ ላይ ተስማማንና ማሊያውን በብብቴ ይዤ ጆበርግ መሐል ወዳለችው ሰፈሬ፣ ወደ ቤሪያ አዘገምኩ።

ከመነሻው ልናገረው፤ እኔ ቀናተኛ ነኝ። በገንዘብ አልቀናም፤ ወጣት ሳለሁም ባለቤቴን ወይንሸትን ማንም ቢያያት ግድ አልነበረኝም። በዕድሜዬ የቀናሁት በአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ከሃያ ዓመት በላይ ጓደኛዬ በነበረው በኤርጫፎ። ምክንያቴም አንድ ነው፤ ናቲ የኔ ሳይሆን የሱ ልጅ በመሆኑ።

የኔ ዕድሜ ሰው ያኔ ቤሪያ ሌላ ነበረች ማለት ይወዳል። እውነቱን ለመናገር የፎቃችን ሊፍት ያኔም አይሠራም ነበር። ግን ዳቦ በሦስት ራንድ ይገኛል፤ ማዕዘኑ ላይ አንዲት ሴትዮ በቆሎ ትጠብሳለች፤ ከፊት ለፊቱ ፎቅ መስኮት ከጠዋት እስከ ማታ ክዋይቶ ይንቆረቆራል፤ ቃሉን ሳናውቀው ዜማውን ስናዜም እንውላለን። እኛ አልጋ ልብስና መጋረጃ ተሸክመን በየሎኬሽኑ፣ ማለት ጥቁሮቹ በሚኖሩባቸው የዳር ሰፈሮች፣ ቤት ለቤት እየዞርን የምንሸጥበት ዘመን ነው። አለባበሳችን ደግሞ ሲያስቅ። ፀሐይ አናት እየበሳ የቆዳ ጃኬት አናወልቅም፤ ሱሪያችን አቧራ ይጠርጋል፤ ጫማችን ሹል ነው፤ አንድ ቀን ሙሉ በእግር ከዞሩ በኋላ ጫማው ውስጥ ያለውን እግር ባለቤቱ ያውቀዋል። ኤርጫፎን ያገኘሁት በዚያ ጊዜ ነው። ከሆሳዕና ገጠር የመጣ፣ ቀጭን፣ ጸሎት የሚያበዛ፣ አማርኛን ከኛው ጋር እየኖረ ያሻሻለ ሰው ነበር። ባለ ሁለት ክፍል ቤት በመጋረጃ ከፍለን አብረን ተከራየን። ቆይቶ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሎኬሽን ውስጥ ስፓዛ፣ ያቺን የሰፈር ሱቅ፣ ከፈተና ወደዚያ ሄደ። ሚስቱ አገር ቤት ሞታበት ስለነበር የሰባት ዓመት ልጁን ወንድሙ በየብስ ይዞለት መጣ። ልጁ ናትናኤል ይባላል፤ እኛ ናቲ አልነው።

ልጁን ትምህርት ቤት እናስገባ ስንል ወረቀት ተጠየቅን። የኤርጫፎ የጥገኝነት ፋይል ውድቅ ሆኖ ይግባኝ ላይ ነበር፤ የኔ ግን ደህና ነው። በኛ መሐል የወንድምን ልጅ፣ የጓደኛን ልጅ በራስ ፋይል ማስገባት ነውር አልነበረም፤ የኛ ሰው ሱቅ በሞላበት ጄፒ መንገድ ላይ ካሉት ነጋዴዎች ስንቱ ያልወለደው ልጅ አባት ተብሎ ተመዝግቧል። «ጋሽ አሰፋ፣ ለትምህርቱ ብቻ ነው» አለኝ ኤርጫፎ። «የኔ ወረቀት ሲስተካከል እናስተካክለዋለን።» ልጁ በኔ ፋይል ናትናኤል አሰፋ ሆኖ ገባ። የኤርጫፎ ወረቀት ከዓመታት በኋላ ቢስተካከልም የልጁ ስም ሳይነካ ቀረ፤ እናስተካክል ብንል ድሮ ዋሽተናል ማለት ነውና ሁለታችንም ፈራን። ስሙን ለመመለስ ያልቸኮልኩበት ሌላም ምክንያት እንደነበረኝ አሁን ብናገር ማን ይከሰኛል። እኔና ወይንሸት ልጅ አልወለድንም።

ኦሬንጅ ፋርም ሩቅ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ቤሪያ አጠገብ። ስለዚህ ናቲ እኛ ጋ አደገ። ሒሳብ ያስጠናሁት እኔ፣ ሳል ሲይዘው ጀርባውን ያሸሁት እኔ፣ ደረጃ ላይ ወድቆ ግንባሩ ሲፈነከት ተሸክሜው የሮጥኩት እኔ። እሑድ ሲሆን ግን አባትየው ከሱቁ ፖሎኒ የሚባለውን ቋሊማና ቺፕስ በፌስታል ይዞ ይመጣል፤ ልጁ ገና በሩ ሳይንኳኳ እርምጃውን ለይቶ ይሮጣል። አመሻሹ ላይ ኤርጫፎ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ነገር ነበራቸው። ጆበርግ ውስጥ ታክሲ የሚጠራው በእጅ ምልክት ነው፤ ለኦሬንጅ ፋርም ብርቱካን እንደያዘ ሰው መዳፍን ጎድጎድ አድርጎ መዘርጋት ነው። ኤርጫፎ ማዕዘኑ ላይ መዳፉን ዘርግቶ ሲቆም፣ ናቲም ከአራተኛ ፎቅ መስኮት መዳፉን ዘርግቶ ይቆማል፤ ታክሲው እስኪሄድ። እኔ ከኋላው ቆሜ የማየው ጀርባውን ነበር። ከሁሉ የሚቆጨኝ ደግሞ፣ ወይንሸትን ገና በወሩ «እማ» ማለት ጀመረ፤ እናት የለውማ፣ ቦታው ባዶ ነው። የአባት ቦታ ግን ተይዟል። እኔ «ጋሼ» ሆኜ ቀረሁ።

ልጁ የማይገባበት ቦታ አልነበረም። ከፎቁ ሥር ባለው ሲሚንቶ ላይ ልጆቹ ሲጫወቱ በረኛ ሲጠፋ በረኛ ነው፤ አጥቂ ሲጠፋ አጥቂ። ማለዳ ከወይንሸት ጋር ነጠላ አጣፍቶ ያስቀድሳል፤ ከሰዓት ከአባቱ ጋር ጉባኤ ገብቶ እጁን እያነሣ ይዘምራል፤ ሁለቱንም ከልቡ ነው የሚያደርገው። ከአባቱ ጋር በሀድይኛ፣ ከኛ ጋር በአማርኛ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር በዙሉ ያወራል። ሰው «ጎበዝ ልጅ» ይለዋል። እኔ ግን አንዳንዴ እያየሁት፣ ይኼ ልጅ ማንም እንዳይከፋበት ብሎ ነው ሁሉን የለመደው እላለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ አንድ ሣር ያለው ትምህርት ቤት በሩጫው ምክንያት ወሰደው፤ እዚያ ራግቢ አስጀመሩት፤ ራግቢውን ያየ አንድ እንግዳ አሜሪካዊ አሠልጣኝ ደግሞ በነፃ ትምህርት ወደ አገሩ ወሰደው። ኤርፖርት የሸኘነው ሦስታችን ነን። ፓስፖርት ተቆጣጣሪው «አባቱ ማነው?» ሲል ወደ ፊት የቀረብኩት እኔ ነኝ፤ ልጁ ተጠምጥሞ ያለቀሰው ግን በኤርጫፎ አንገት ላይ ነው።

የአሜሪካኖቹን ኳስ እግር ኳስ ይሉታል እንጂ እግር የሚነካው አልፎ አልፎ ነው። ኳሱ ሞላላ ነው፤ ከጨዋታው ዕረፍቱ ይበዛል። እኔ የገባኝ አንድ ነገር፣ እዚያ ሁሉም ሰው አንዲት ሥራ ብቻ አለችው። ወርዋሪው ይወረውራል፣ ቀላቢው ይቀልባል፣ ቦርጫሙ ይገፋል፤ ለመምታት ብቻ ደመወዝ የሚበላም አለ። ናቲ ኮሌጅ ሳለ ወርዋሪ ነበር። በኋላ ሯጭ አደረጉት፤ ቀጥሎ ቀላቢ። ባለሙያ ክለብ ሲገባ ግን ይኼ ሁሉን መቻሉ ጠላት ሆነበት፤ «ቦታህ የት ነው?» እያሉ ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው አንከራተቱት። ሁለት ክለብ አሰናበተው፤ ሦስተኛው ከተጠባባቂዎቹ ጋር አስቀመጠው። እኔ እያንዳንዷን ቪድዮ ከስልኬ ላይ ፈልጌ አያለሁ። ጨዋታው ባይገባኝም ጀርባው ይገባኛል፤ አሰፋ ይላላ። አንድ ጊዜ ይህንኑ በወይንሸት ፊት ስኩራራ ከጎመኑ ላይ ቀና ሳትል «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አለችኝ። አሁን ጨዋታውን ትቶ ልጆች ያሠለጥናል። በየበዓሉ ይደውላል፤ ብዙውን የሚያወራው ከእማው ጋር ነው።

እንግዲህ ናቲ ገና ተጫዋች ሳለ ያ የኮሮና ወረርሽኝ መጣ። ወታደር ቤሪያ ገብቶ ሰውን ከመንገድ ያባርራል፤ መጠጥና ሲጋራ ክልክል ሆነ፤ ጎረቤታችን ከአናናስ ጠላ የሚመስል ነገር መጥመቅ ጀመረና ገበያው ላይ አናናስ ጠፋ። ጄፒ ያሉት ሱቆች እንዳሉ ተዘጉ። አልጋ ልብስ ይሰፋበት የነበረው መኪና ጭምብል ይሰፋበት ገባ። ኦሬንጅ ፋርም መሄድ ስለማይቻል ከኤርጫፎ ጋር በስልክ ብቻ ሆንን፤ የሱ ስልክ ደግሞ ያቺ ቁልፏ የምትጫን አሮጌ ስልክ ነች፣ ካሜራ የላትም። አሜሪካም የባሰ ነበር፤ ጨዋታው ግን አልቆመም። ተጫዋቾቹ እየታመሙ በየሳምንቱ አንዱ ይጎድላል። ያኔ ነው የናቲ ቀን የወጣለት። ቀላቢው ሲታመም ቀላቢ፣ ሯጩ ሲታመም ሯጭ፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ ሰው እንደ እንቁ ተቆጠረ። ከተጠባባቂ ወንበር ተነሥቶ በየጨዋታው መሰለፍ ጀመረ።

በዚያ ሰሞን አንድ ከሰዓት ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ እዚህ ስታዲየሙ ባዶ ነው። ወንበሩ ላይ የካርቶን ሰው እየደረደሩ ነው።»

«የካርቶን ሰው ደግሞ ምንድነው?»

«ፎቶ ነው፤ በሰው ልክ ቆርጠው ያቆሙታል። ለእያንዳንዳችን ፊት ረድፍ ላይ አንድ ወንበር ሰጥተውናል፣ ለፋሚሊ።»

ፀጉሬን በእጄ ዳሰስኩ።

«እና ጋሼ፣ የአባባን ፎቶ ላክልኝ፣ ፕሊስ። ለሱ ነግሬዋለሁ፤ ተነሥቶ ያመጣልሃል። ያንተ ስልክ ጥሩ ስለሆነ አንተ አንሣውና ሴንድ አድርግልኝ።»

አባባ የሚለው ኤርጫፎን ነው። «እሺ» አልኩት። እሺ ማለት እንዴት ቀላል ነው።

የመንቀሳቀስ እገዳው ላላ ያለ ዕለት ኤርጫፎ መጣ። ከኦሬንጅ ፋርም ድረስ ጭምብል አፍኖት፣ ደረጃውን በእግሩ ወጥቶ፣ በር ላይ ቆሞ አልገባም አለ፤ ለኛ ፈርቶ ነው። ከፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ፎቶውን አወጣ። ለጉባኤ የሚለብሰውን ሰማያዊ ሱፍ ለብሶ፣ ባለ መስመር ክራቫት አስሮ፣ ፎቶ ቤት ተነሥቶ ነው። እንደዚያ ቀጥ ብሎ አይቼው አላውቅም።

«ጋሽ አሰፋ፣ ይሄ ይሆናል? ደህና ቦታ ነው የሚያስቀምጡት ብሎኛል» አለኝ።

«ኧረ ኤርጫፎ፣ ሙሽራ መስለሃል» አለች ወይንሸት ከኋላዬ።

ከጭምብሉ በላይ ዓይኑ ሳቀ። «እኔ እንግዲህ አሜሪካ አልሄድም» አለ። «በዚህ ልሂድ። ፎቶውን እዚሁ አስቀምጥልኝ፤ ሱቅ ውስጥ አይጥ ይበላብኛል።»

እሱ ሲወርድ ፎቶውን መስኮቱ ጋ አድርጌ አነሣሁት። ጥርት ብሎ ወጣ፤ የክራቫቱ መስመር ሳይቀር ይቆጠራል። ስልኬን ይዤ ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ። አሥር ዓመት ሙሉ ያሳደግሁት ልጅ፣ በጀርባው ስሜን ተሸክሞ የሚሮጥ ልጅ፣ አንድ ወንበር ተሰጥቶት ያንን ወንበር ለማን እንደሰጠው አሰብኩ። እሑድ እሑድ ፖሎኒ ይዞ ለመጣ ሰው። ወዲያው ደወልኩለት።

«ናቲ፣ የአባባ ፎቶ ብዥ ብሏል። ፎቶ ቤቱ አበላሽቶታል መሰለኝ፤ መልኩ አይለይም።»

«አይ፤ ፎቶ የሚቀበሉት እኮ ዛሬ ነው መጨረሻው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያስ የኔን ልላክ? ወንበሩ ባዶ ከሚሆን።»

«እሺ ጋሼ» አለኝ። «ስሙም ያው ያንተው ነው።»

ባለፈው ፋሲካ የተነሣሁትን ላክሁለት። ወይንሸት ከወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ኖሮ ሁሉን ሰምታለች። «እኔ እኮ ፎቶውን አይቼዋለሁ» ብቻ አለችኝ። ሁለት ቀን ምግቤን አቅርባልኝ እሷ ወጥ ቤት በላች።

የጨዋታው ቪድዮ የመጣ እሑድ ኤርጫፎ ከቁርስ በፊት ደረሰ። በዚያ ቀን ናቲ በአንድ ጨዋታ አራት ቦታ ተጫወተ፤ ሯጭ ሆነ፣ ቀላቢ ሆነ፣ አንድ ጊዜም ወረወረ፤ መቺው ወገቡን ሲይዘው ደግሞ መታ። ክለቡ ከገባ ጀምሮ እንደዚያ ያለ ቀን አልነበረውም። ኳሱን ይዞ መጨረሻው መስመር ከገባ በኋላ ወደ ወንበሮቹ ሮጦ ፊት ረድፍ ላይ ቆመ። ካሜራው ተከተለው። የተቀመጥኩት እኔ ነኝ፤ በፋሲካ ልብሴ፣ ጥርሴ ሳይቀር ይታያል። ናቲ የካርቶኑን ትከሻ መታ መታ አድርጎ ተመለሰ።

ኤርጫፎ «እንደገና አጫውተው» አለኝ። አጫወትኩት። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ከኔ ኋላ ያሉትን የካርቶን ሰዎች አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። «ከኋላ ይሆን ያደረጉኝ?» አለ። ሦስት ጊዜ አስደገመኝ፤ ሁለተኛውን ረድፍ፣ ሦስተኛውን ረድፍ ፈለገ፤ ፈረንጆች መሐል ራሱን ፈለገ።

«ፎቶው ብዥ ብሎባቸው ነው» አልኩት። «አልቀበልም አሉ። ወንበሩ ባዶ ከሚሆን ብዬ ነው የኔን . . .»

«አይ፣ ደግ አድርገሃል፣ ጋሽ አሰፋ። እኔ ድሮም ፎቶ አይወጣልኝም» አለና ሳቀ። ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። በመስኮት ሲያዘግም አየሁት፤ ጠርቼ ልመልሰው አፌን ከፍቼ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ ከሐዘኑ ጋር ደስታም ነበረኝ። ቪድዮውን እሱ ከሄደ በኋላ ለብቻዬ አየሁት።

ሁለተኛው ዙር ሲመጣ ኤርጫፎ ሱቁ ውስጥ ታመመ። ሰፈርተኞቹ ናቸው በመኪና ሐኪም ቤት ያደረሱት። እንድንገባ አልተፈቀደልንም፤ ስልኩ ሁለት ቀን ጠራ፣ ከዚያ ተዘጋ። በሳምንቱ ሞተ። ቀብሩ ላይ የተፈቀደው ጥቂት ሰው ብቻ ነው፤ የጉባኤው ሰዎች ተራርቀው ቆመው በጭምብላቸው ውስጥ ዘመሩለት። ናቲ መምጣት አልቻለም፤ በረራው ተዘግቶ ነበር። በማግስቱ ደወለ። ድምፁ በልጅነቱ ሳል ሲይዘው እንደሚሆነው ጎርንኖ ነበር።

«ጋሼ፣ እዚህ ቸርች መታሰቢያ እናደርግለታለን። ፎቶውን በትልቁ ላሳትም ነበር፤ አንድም የለኝም። አገር ቤትም ጠየቅሁ፣ የለም። ያ ብዥ ያለውም ቢሆን ግድ የለም፤ እሱኑ ላክልኝ።»

መሳቢያውን ከፍቼ ፎቶውን አወጣሁ። ኤርጫፎ በሰማያዊ ሱፉ ቀጥ ብሎ አየኝ። መስኮቱ ጋ ወስጄ አስቀመጥኩትና ስልኬን ሆን ብዬ እያነቃነቅሁ አነሣሁት። ብዥ ያለ ወጣ፤ ፊቱ ጠፋ፣ ክራቫቱ ጠፋ። አሁን ስልኬ ላይ ሁለት ኤርጫፎ አለ፤ ያኔ ያነሣሁት ጥርት ያለው፣ አሁን ያበላሸሁት። ይኼን ብልክ ውሸቴ እውነት ሆኖ ይቀራል፤ ልጁም ጋሼን እንዳመነ ይኖራል። አባቱ ከሞተ ወዲህ የቀረልኝ ነገር ቢኖር ያ እምነቱ ነው። ጣቴን አስጠግቼ ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። ወይንሸት መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። ሁለቱንም አየቻቸው። አልተቆጣችም፤ እያለቀሰች ነበር።

«መልኩን እንኳ ተውለት፣ አሰፋ» አለችኝ።

ጥርት ያለውን ላክሁት።

ማየቱን ስልኬ ነገረኝ። ወይንሸት ተነሥታ መጋረጃውን ጎትታ ተመለሰች፤ እኔ ስክሪኑ ሲጠፋ በአውራ ጣቴ እያበራሁት ጠበቅሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጻፈ፦

«ጋሼ፣ ይሄ ጥርት ያለ ነው እኮ።»

«አዎ ናቲ» ብዬ መለስኩለት። «ድሮም ጥርት ያለ ነበር።»